ሙሮ የጾም ነው?

በክርክር ተሸንፌ አላውቅም። ዛሬም አልተሸነፍኩም።

የፊልም ፍጥረታት በቤተ ሙከራ እየተሠሩ ቤታችን ከገቡ ወዲህ፣ ዓይነታቸውን የሚወስነው የአድናቂዎች ጉባኤ ነው። እንስሳ የተባለውን ቢላዋ አይነካውም፤ ተክል የተባለው ይበላል። የዛሬው ተራ ሙሮ የተባለው ባለቅጠል ፍጥረት ነበር።

«በመጀመሪያው ፊልም ሙሮ በአራት እግሩ ይሄዳል፤ እንስሳ ነው» አለች ተቃዋሚዬ ብሩክታዊት።

«ሌላ ኩባንያ በሠራው ተከታታይ ፊልም ግን ሥር ሰድዶ ፀሐይ ይመገባል። የሚሄደውም ውሃ ፍለጋ ነው። ሥርም እኮ ውሃ ፍለጋ ይሄዳል!» አልኳት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«ቤትህ ያለውን ትበላዋለህ?»

«ዛሬውኑ! ሁዳዴ አይደል? ምሳ ጋብዤሻለሁ፤ ነዪ።»

በስልሳ አንድ ድምፅ አሸነፍኩ። ብሩክታዊትም ቃሌን ይዛ ተከትላኝ መጣች።

ባለቤቴ ጽጌማርያም ውጤቱን በቀጥታ ስርጭት ሰምታ ሽንኩርቱን አቁላልታ ጠበቀችን። ቢላዋውም ተስሏል። በሩን ስከፍት ሙሮ እንደ ወትሮው ኮቴዬን ሰምቶ ከአበባ ገንዳው ወርዷል። ነጠላ ጫማዬን በቅጠሎቹ አቅፎ እየተንገዳገደ መጣና እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ፤ ቀኙን በቀኝ፣ ግራውን በግራ።

ብሩክታዊት ጫማዎቹን አይታ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

«እንግዲህ፣ አንተ ትከትፈዋለህ ወይስ እኔ?» አለችኝ ጽጌማርያም።

ጫማዬን አጠለቅሁ።

«ተክል መሆኑንስ ተክል ነው» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፤ «ግን ለእንግዳ ሽሮ ይሻላል።»

ከግድግዳው ወዲያ፣ ሙሮ ካላቸው ጎረቤቶቻችን ወጥ ቤት፣ መክተፊያው መንኳኳት ጀምሯል።