ነጩ የፋሲካ ጫማ

ከፋሲካ ጸሎት ሲመለሱ ጊደሯ ወልዳ፣ ጥጃዋም ሞቶ አገኙት። ዴል ኮቱን አጥሩ ላይ ሰቅሎ የሞተውን ገፈፈ፤ ቆዳውንም እናቱ ለሞተችበት ሌላ ጥጃ እንደ ካባ አልብሶ ከሆዱ ሥር በሲባጎ አሰረለት። ሚስቱ ሎሬታ አዲሱን ነጭ ጫማዋን ጭቃ እንዳይነካባት ከበረቱ ውጭ ሣሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«አንቺ ምን ታደርጊ» አላት፣ ቀና ሳይል። «ጠዋት አይተሻታል፤ ምጥ አልያዛትም ብለሻል። የእግዜር ሥራ ነው።»

ጊደሯ ቀረበች። ጥጃውን ከጅራቱ እስከ ትከሻው አሸተተችው፤ የልጇን ጠረን ስታገኝ በለሆሳስ እምቧ እያለች ትልሰው ጀመር።

«እማዬ፣ ልጄ ነው አለች እኮ!» ብላ ትንሿ ልጃቸው አጨበጨበች። ዴል ባርኔጣውን አውልቆ «ተመስገን» አለ።

ሎሬታ አሜን ማለት አቃታት። ጠዋት ጊደሯን ያየቻት ከዚሁ ሣር ላይ ሆና ነው። የምጥ ምልክት የሆነውን፣ ጅራቷን ብድግ ስታደርግ አይታለች፤ ገብታ ግን አልነካቻትም፤ የመዝሙሩ ሰዓት ደርሶ ነበር። ሲወለድ የሞተውን ጥጃ አፍንጫ ደፍኖ ያፈነው ስስ ሽፋን በአንድ ጣት የሚነሣ ነበር።

የበረቱን በር ከፍታ ገባች። ጭቃውና እበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዋጣት።

«አንቺ! ጫማሽ!» አለ ዴል።

«ይሄ ጫማ መቆሸሽ የነበረበት ጠዋት ነው» አለችው።