የኤርሲሊያ ትንፋሽ

ኦሬስቴ እናቱን ደግፎ ከመኝታ ክፍሉ ደጃፍ ሲደርስ፣ በፋሲካ ሰሞን በሳንባ ሕመም የሞተችው እህቱ ኤርሲሊያ ከግድግዳው ውስጥ መዝፈን ጀመረች። ጣሊያን ውስጥ በፖ ወንዝ ዳር ያለው የዝነኛዋ የኦፔራ ዘፋኝ የኤርሲሊያ የትውልድ ቤት ሙዚየም ሆኖ ከተከፈተ ገና ሳምንቱ ነበር። ሰው ደፉን ሲረግጥ የተቀዳ ድምፅዋ በራሱ እንደሚነሳ ለኦሬስቴ የነገረው አልነበረም። እናቱ ኤርሲሊያን የወለዱበትን አልጋም፣ ከፊቱ የተዘረጋውን ቀይ ገመድም አላዩም። ክንዱን ጨብጠው አዳመጡ።

«ትንፋሽ አጥሯታል፤ አይሰማህም?» አሉት።

«የድሮ ቅጂ ነው እማዬ። ያኔ እኮ ደህና ነበረች።»

«ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አጥፋልኝ ልጄ፣ እሷም ትረፍ።»

ኦሬስቴ ከመጋረጃው ኋላም፣ ከአልጋው ሥርም ማጥፊያ ፈልጎ አጣ። ትኬት ቆራጯ ጋ ሮጦ ቢለምናት፣ «ቁልፉ ማዘጋጃ ቤት ነው ያለው፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው የምሰማው» አለችው። ሲመለስ ዜማው ወደ ላይ ወጥቷል፤ እናቱም በየስንኙ መሀል ለልጃቸው አየር ይስቡላት ነበር፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሊያወጣቸው ቢል እግራቸው አልታዘዝ አለ። የሚያደርገው ቢጠፋው ጆሯቸውን በሁለት እጁ ሸፈነላቸው።

ዘፈኑ ሲያልቅ ከኋላቸው የገቡት ጎብኚዎች አጨበጨቡ። እናቱ የኦሬስቴን እጅ ከጆሯቸው ላይ አንስተው ወደ ሰዎቹ ዞሩ።

«አታጨብጭቡላት፣ እባካችሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ካጨበጨባችሁላት ትደግመዋለች።»