የሱሀይላ ገጽ

ሱሀይላ ጅዳ ከሄደች ወዲህ ድምጿ ጠፍቷል። እናቷ ሀዲያ «ሰው ሁሉ የሚያየው አፋልጉኝ አውጣልኝ» ብላ ስለለመነችው፣ ወንድሟ ሀሩን መካነ ሰላም ካለ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ድረ ገጽ ሠራላት። ፎቶዋን ለጠፈ፣ ስልክ ቁጥሩን ጻፈ።

«ወጣ ልጄ?» አለችው እናቱ ደጅ ሆና።

«መስመሩ ተንቀራፏል፣ እማ።»

መስመሩ ደህና ነበር። እህቱ መሞቷን አምና በስልክ ሰምቶ ለማንም አልተናገረም፤ አሁን ገጹን ለሰው የሚለቀውን ቁልፍ መጫን አቃተው።

ገጹ ገና ለማንም ሳይታይ፣ ከፎቶው ሥር አስተያየት ተጻፈ።

«ሀሩኔ፣ ማን እንዲያገኘኝ ነው? ይልቅ ሰደቃዬን አውጡልኝ። እማንም አስገባት፣ ዝናብ መጣ።»

በመስኮቱ አየ። ሰማዩ ብራ ነው፤ እናቱ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች።

ከዚያ ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያው ጠብታ ወደቀ።