የጅብ ጥላ ሾርባ

ልጄ ጓዳ ውስጥ በከረጢት እንጉዳይ ታበቅላለች። "እማዬ፣ ለጉልበትሽ ፍቱን ነው" ብላ ሾርባውን ስታቀርብልኝ፣ "ፊደል ባልቆጥር የጅብ ጥላ የማላውቅ መሰለሽ? አብልተሽ ልትገላገይኝ ነው?" አልኳት። ሳቀች። ጠጣሁት፤ ጉልበቴ እውነትም ተሻለው፣ ምርኩዜን ጣልኩ።

ከዚያ ወዲህ ግን እረፍት የለኝም። ፀሐይ ያቃጥለኛል፤ ውሃ ብጠጣም ጥሜን አይቆርጥልኝም። ስቅበዘበዝ ውዬ የምረጋው እዚያው ጨለማ ጓዳ፣ ከእንጉዳዩ ከረጢቶች መሃል ስቀመጥ ነው።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ከረጢቶቹን ስታጠጣ ውሃውን እግሬ ላይ አፈሰሰችው። "ውይ እማዬ፣ ላድርቅልሽ" ብላ ጨርቅ ይዛ ጎንበስ አለች።

እግሬ ደረቅ ነበር። ወለሉም ደረቅ ነበር። ያ ጥሜ ግን ተቆረጠልኝ።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

"ምን ታዪኛለሽ?" አልኳት። "ድገሚልኝ እንጂ።"