የምሥራቅ ስትሮ

ምሥራቅና ንጋት ላሊበላ ውስጥ በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ተከራይተው ይኖራሉ። የግቢው ባለቤት እትዬ ሸጌ ናቸው። ምሥራቅ የሆቴል አስተናጋጅ ናት። ንጋት የብልባላ ልጅ ናት፤ እናቷ እዚያው ገበያ ላይ የሠራችውን ሸክላ ትሸጣለች። እሷ ግን ባጃጅ ነጂ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን ይታገሱን ታሳድጋለች።

ንጋት ለልጇ ትፈራለች። ስታጠባው በነጠላዋ ትከልለዋለች። ዓይን የተከፈተ አፍ ይወዳል ይባላል።

ያም ሆኖ ጎረቤት ጎረቤት ነው። ምሥራቅን እየጠራች ጠላ ትቀዳላታለች። ምሥራቅ እንቢ አትልም። ብቻ ከቦርሳዋ ስትሮ ታወጣለች። ውሃም ቢሆን፣ አጥሚትም ቢሆን፣ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ በስትሮ ትስባለች እንጂ ብርጭቆውን አታነሳም።

«ጠላ በስትሮ? ይቺ ደግሞ የፈረንጅ ናት» አለች ንጋት አንድ ቀን።

«በብርጭቆ ልብሴ ላይ ይፈስብኛል እቴ።»

«አፍሽ ወንፊት ነው እንዴ?»

ምሥራቅ በስትሮዋ መሳቧን ቀጠለች። አፏ ሥራ ላይ ነበር።

በሌላ ቀን ምሥራቅ ይታገሱን አየት አድርጋ «እንዴት ያምራል» ብላ አለፈች። በማግስቱ ልጁ ጡት እንቢ አለ።

«ጥርስ ሊያበቅል ይሆናላ» አለ ባሏ ዘመኑ፣ የባጃጁን ቁልፍ እየፈለገ።

ንጋት አልሰማችውም። ፊቷ ላይ ድቅን ያለባት ያ ስትሮ ነው። ሰው ፊት አፉን የማይከፍት ሰው ምን ቢደብቅ ነው?

ልጇን አዝላ እትዬ ሸጌ ዘንድ ሄደች። እትዬ ሸጌ እሷ ስትገባ እንደ ልማዳቸው ሞሰቡን ከደን አደረጉ፤ የልጅ ልጆቻቸውንም ወደ ጓዳ ሰደዱ። ንጋት ይሄን ሥርዓታቸውን ትወድላቸዋለች።

«እትዬ፣ የምሥራቅ ዓይን ደግ አይደለም። ልጄን ልታሳጣኝ ነው። ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኔ ልውጣ።»

«ዓይንማ አለ ልጄ» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። «ሰው መስሎ ከሰው ጋር የሚኖር አለ።»

«ታዲያ ይንገሯታ።»

«ይሁን፣ ከሥራ ስትመለስ ጠርቼ አነጋግራታለሁ።»

አመሻሽ ላይ ንጋት አላስችል ብሏት ወደ እትዬ ሸጌ ደጃፍ ተመለሰች። በሩ ገርበብ ብሏል። ምሥራቅ መደቡ ላይ ተቀምጣ ጠላ ትጠጣለች። በብርጭቆ ነው የምትጠጣው፤ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን ከፍታ፣ እስከ አተላው። ልብሷ ላይ ጠብ አላለም።

«ታዲያ ቤቱን ልልቀቅ እትዬ?» አለች ብርጭቆውን እያስቀመጠች።

«የምትለቀውስ እሷ ናት» አሉ እትዬ ሸጌ ደግመው እየቀዱላት፤ «እስክትወጣ ግን እንዳልኩሽ ነው፣ እሷ እያየችሽ አፍሽን አትክፈቺ፣ በስትሮሽ ጠጪ።»