በአዛዡ ቀኝ

ብርሃነመስቀል የሚስተር ኒሺዳን አገጭ በጣቱ ቀና አድርጎ ምላጩን ከጉሮሯቸው ወደ ላይ ይስባል። ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከሚኖርበት ከቻምበርስ ሮድ እስከ ሌክውድ እየነዳ የሚመጣው እኚህን አዛውንት ሊያጥብ፣ ሊላጭና ምሳ ሊያበላ ነው። ዛሬ ግን አፋቸው አላረፈም፤ ስለ አያታቸው ያወራሉ።

አያታቸው ሳሙራይ ነበሩ፤ በሰሜን ጃፓን የአንድ ምሽግ ጦር አዛዥ። አገሪቱን ይገዛ የነበረው የጦር አለቃ፣ የሾጉኑ፣ አገዛዝ ሲወድቅ፣ እጅ እንዲሰጡ ከሚያገለግሉት መስፍን ትእዛዝ መጣባቸው። በሩን በገዛ እጃቸው ከፈቱ። አብሯቸው ያደገው ምክትላቸው ሞሪታ ግን እምቢ አለ። "እመለሳለሁ፤ ቦታዬን ጠብቅልኝ" ብሏቸው፣ ጥቂት ሰዎች አስከትሎ በበረዶው ወደ ተራራው ወጣ።

አያትየው ከዚያ በኋላ ሃምሳ ዓመት ያህል ኖሩ። ሰይፋቸውን አስረክበው ጎመን ተከሉ፣ ልጅ ዳሩ፣ ሚስት ቀበሩ። ማዕድ ሲቀርብ ግን በቀኛቸው ማንም አይቀመጥም ነበር። ሚስተር ኒሺዳ ልጅ ሳሉ አንድ ቀን ሳያውቁ ቢቀመጡ፣ አያትየው ሳይቆጡ ብብታቸውን ይዘው አነሷቸውና ወደ ግራቸው አዛወሯቸው።

"አንተም ወታደር ነበርክ" ይላሉ አሁን። "ሰውየው በዚያ ብርድ እንደሞተ ያላወቀ አልነበረም። አያቴ ለምን ጠበቁት?"

ምላጩ ይቆማል። ብርሃነመስቀል ሻለቃ እንደነበረ ነግሯቸዋል። በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲፈታ ወታደሮቹን "በቃ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ" ያላቸው እሱ መሆኑን ግን አልነገራቸውም። ሁሉም ሲበተን የሬዲዮ ሠራተኛው ብቻ፣ ቁስለኞቹን ትቼ አልሄድም ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰ።

"ሬሳውን ያየ የለማ" ይላል።

አዛውንቱ ዞረው ያዩታል። ጉንጫቸው ላይ ሳሙናው መድረቅ ጀምሯል።

"አንተ የምትጠብቀውስ፣ ስሙ ማን ነበር?"

ኮሎራዶ ከገባ ወዲህ የሬዲዮ ሠራተኛውን ስም ከአፉ አውጥቶት አያውቅም። ለሚስቱም እንኳ።

"ወልደገብርኤል።"

ሚስተር ኒሺዳ ስሙን ሊጠሩት ይሞክራሉ። መሐል ላይ ይሰበርባቸዋል። አልሰማሁትም፣ ድገምልኝ ብለው እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ያስጠጋሉ።

ብርሃነመስቀል ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራዋል። ጠርቶም፣ ሳያስበው፣ ለመልሱ ጆሮውን ይጥላል።