የሽማግሌው ወንበር

በደቡብ እስራኤል የሮኬት ሳይረን በጮኸ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ ወደ መጠለያ ሲሮጥ፣ ሽማግሌው ከወንበራቸው ንቅንቅ አይሉም ነበር። «ከሱዳን በረሃ ያወጣኝ አምላክ እዚህ አይጥለኝም!»

የሰፈሩ ቤተ እስራኤላውያን ቄስ ገሠጿቸው። «ተአምር ተማምኖ አደጋ ፊት መቀመጥ እግዜርን መፈታተን ነው። ደግሞ የልጅ ልጅዎ ታይዎታለች።»

«ትየኝ! እምነት ትማራለች።»

ዛሬ ሳይረኑ ገበያ መሀል ደረሰባቸው። ከዘራቸውን ጥለው፣ አንዲት እርጉዝ ሴት ገፍትረው መጠለያ ገቡ። ትንፋሻቸው ሳይመለስ ስልካቸው ጠራ። የልጅ ልጃቸው ናት።

«አባባ፣ ጎረቤታችን መጠለያ ሊወስደኝ በር ሲደበድብ እንዳንተ እምቢ አልኩት። ወንበርህ ላይ ነኝ። አንተ የት ነህ?»

ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ከሰፈራቸው በኩል ፍንዳታ ተሰማ። ስልኩም ዝም አለ።